በስፖርት አንደኛ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው ጫፍ ባለ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፤ እማማ ወርቅያንጥፉ ከተቆለፈው የብረት ፍርግርግ በር ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የልጅ ልጃቸው የእዮስያስ የስፖርት መምህር አያልሰው ከውጭ፣ ደረጃው አፍ ላይ ቆሟል።

እማማ፦ ስንቴ ልንገርህ ልጄ! ቁልፍ የለኝም። እናቱ ሰናይት ጠዋት ቆልፋብን ወጣች፤ ማታ ስትመጣ ትከፍታለች። እኔም እስረኛ፣ ልጁም እስረኛ፣ አንተም ጠያቂ። ስንቅ ይዘህ ብትመጣ ደግሞ ያምርብህ ነበር።

አያልሰው፦ በሩን ይክፈቱ አላልኩም እማማ። እዮስያስን ይጥሩልኝ ነው ያልኩት። ከትምህርት ቤት ከቀረ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ።

እማማ፦ አሞታል።

አያልሰው፦ ምኑን?

እማማ፦ ሐኪም ነህ እንዴ? የስፖርት አስተማሪ ነኝ አላልክም?

አያልሰው፦ ነኝ።

እማማ፦ እንግዲያው ማስታመሙን ተው፤ ስፖርትህን አስተምር። ሆዱን ነው ያመመው።

አያልሰው፦ ሆዱን ያመመው ልጅ ነው ቺፕስ የሚቆረጥመው? እስከዚህ ይሰማኛል።

እማማ፦ ቴሌቪዥኑ ነው።

አያልሰው፦ ቴሌቪዥን ቺፕስ ይቆረጥማል?

እማማ፦ በዚህ ዘመን የማይበላ ነገር አለ? አንተ እዮሴ! ቀንሰው ያንን ነገር! የክፍልህንም በር ዝጋ፣ ትልልቅ ሰው እያወራ ነው! ቆይ እኔው ልዝጋው... እህህህ፣ ጉልበቴን... ይኸው፣ ተዘጋ።

አያልሰው፦ ሲነሱ የሚንሿሿው ምንድን ነው?

እማማ፦ የቱ?

አያልሰው፦ አንገትዎ ላይ ያለው።

እማማ፦ መቁጠሪያዬ ነው።

አያልሰው፦ መቁጠሪያ እንደ ብረት ይጮሃል?

እማማ፦ የድሮ ነው። የድሮ ዕቃ ሲነካኩት ይጮሃል። ጉልበቴስ ስነሳ ጮኸ አይደል፣ እሱን ምነው አልጠየቅኸኝ? ደግሞ አንተ፣ ይኼን ሁሉ ደረጃ ወጥተህ አላለከለክህም። ምን ዓይነት ሰው ነህ? እህል ትበላለህ?

አያልሰው፦ እበላለሁ እንጂ።

እማማ፦ አትበላም። አጥንትህ ይቆጠራል። እናትህ የት ናት?

አያልሰው፦ ሞጣ ናት።

እማማ፦ ማር አገር ተወልዶ እንዲህ መድረቅ! ጠጋ በል። ከምሳ የተረፈች ፍርፍር አለች። እጄ በፍርግርጉ ይወጣል።

አያልሰው፦ ኧረ እማማ፣ አሁን ነው የበላሁት።

እማማ፦ ጠጋ በል አልኩህ! በር ተቆለፈ ማለት ሰው ተቆለፈ ማለት ነው? አፍህን ክፈት... ሰፋ አድርገህ። ያ! አሁን ሁለተኛዋን።

አያልሰው፦ እምምም... በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እማማ፦ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እንድንጣላ ፈልገህ ነው የመጣኸው?

አያልሰው፦ አዩ እማማ? እኔ ይኼን ያህል ሰውዬ እንቢ ማለት አቃተኝ። ልጁ እንዴት ይቻለው?

እማማ፦ ምኑን?

አያልሰው፦ እጅዎን።

እማማ፦ አሃ! በዚህ በኩል ነው የመጣህብኝ። እኔም እኮ ጠርጥሬያለሁ፤ ሰው ዝም ብሎ አራት ፎቅ አይወጣም። ስማ መምህር፤ እናንተ ናችሁ ጥፋተኞቹ፣ እኔ አይደለሁም። ልጄን ልብሱን አስወልቃችሁ በቁምጣ ሰው ፊት አቆማችሁት። ያ የመሰለ ጭን፣ ያ የመሰለ ጉንጭ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል! እኔ ክታብ አንጠልጥዬ ስጠብቀው የኖርኩትን አንተ በፊሽካ አስጣልኸው።

አያልሰው፦ ዓይን በላው ነው የሚሉኝ?

እማማ፦ ማን እንደበላው አላውቅም። አንተ ግን አንድ ቀን “ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ ነህ” ብለኸዋል። እሱው ነው የነገረኝ። ሳትተፋ!

አያልሰው፦ ሳልተፋ?

እማማ፦ ልጅን አድንቆ ዝም ይባላል? እናትህ ይኼን ሳታስተምርህ ነው ዲግሪ የጫኑብህ? በል አሁንም አልረፈደም። እንትፍ በልልኝ።

አያልሰው፦ እዚህ? ደረጃው ላይ?

እማማ፦ ወደ ውስጥ፣ ወደ ክፍሉ አቅጣጫ። ቀስ ብለህ፣ ምራቅ አያስፈልግም።

አያልሰው፦ እንትፍ። እንትፍ።

እማማ፦ አሁን ሰው ሆንክ። ያም ሆነ ይህ ቅር አልተሰኘሁብህም። ልጄን ለወግ አብቅተህልኛልና።

አያልሰው፦ ለምን ወግ?

እማማ፦ እንዴ! በስፖርት አንደኛ አወጣኸው አይደለም?

አያልሰው፦ ማንን?

እማማ፦ እዮሴን ነዋ! ያን ዕለት ቦርሳውን ሳያወርድ ነው የነገረኝ። “ዛሬ ምን ተማርክ የኔ ጌታ” ብለው፣ “በስፖርት አንደኛ ወጣሁ” አለኝ። “እና?” ብለው፣ “አጨበጨቡልኝ” አለኝ። እኔ ምን ጆሮ ይበቃኛል! ከዚህ በር ላይ ሆኜ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ጮህኩ። “ልጄ በስፖርት አንደኛ ወጣ!” ያቺ ከታች ያለችው የአዳሙ ሚስት ልጆቿን በምስር የምታሳድገው፣ እስቲ ትስማ ብዬ። ጨጨብሳ በቅቤ አራስኩለት፤ ለስላሳ በትልቁ ጠርሙስ አስገዛሁለት። ምን ሆነሃል? ፍርፍሩ አንቆህ ነው?

አያልሰው፦ የለም።

እማማ፦ ታዲያ ፊትህ ምነው ጠቆረ?

አያልሰው፦ እማማ፣ ያን ዕለት ሩጫ አልነበረም።

እማማ፦ ኳስ ነበረ?

አያልሰው፦ ኳስም አልነበረም። ከጤና ጣቢያ መጥተው ልጆቹን መዘኑ። ጸሐፊዋ ራቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ ሚዛኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነበርኩ። እዮስያስ ወጣ። የእሱን ሳነብ ከሰልፉ አንዱ “አንደኛ!” ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ።

እማማ፦ እሱስ? ልጁስ ምን አለ?

አያልሰው፦ ሳቀ። የሳቀ መሰለኝ። እጁን አንስቶ እንደ ኳስ ተጫዋች አውለበለበላቸው። እኔም ነገሩ በሳቅ ካለፈ ብዬ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄድኩ። በማግስቱ ቀረ።

እማማ፦ ጨጨብሳውን ሲበላ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ የደስታ ነው ብዬ... ብላ የኔ አንበሳ፣ ጨርሰው፣ ለአንደኛ ነው እያልኩ...

አያልሰው፦ አላወቁማ።

እማማ፦ ዝም በል! አንተ ግን አውቀሃል። ቁጥሩን በሹክሹክታ ብትነግራት ምን ይጎድልብህ ነበር? ገበያ ነው የተወጣው? በግ ነው ልጄ?

አያልሰው፦ ልክ ነዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱን ልናገር ነው የመጣሁት። ግን በግ ብለው ካነሱት አይቀር አንድ ነገር ልበል?

እማማ፦ በል፤ ምን ቀረህ።

አያልሰው፦ እቤት ታስሮ የሚቀለብ ሙክት ብቻ ነው እማማ።

እማማ፦ ልጄን ሙክት አልከው?! አዬ አፍህን! ፍርፍሬን መልስ!

አያልሰው፦ ይስሙኝ! ጠዋት ከዚህ ደረጃ ወርዶ ሰርቪስ ውስጥ ይገባል። ከሰርቪስ ወርዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከወንበር ተነስቶ ሰርቪስ። ከሰርቪስ እዚህ። እዚህ ደግሞ ቁልፍ። ይኼ ልጅ መቼ ነው የሚሮጠው? በሕልሙ?

እማማ፦ ታች ምን አለና ይሮጣል? መኪና ነው፣ አሸዋ የሚያራግፍ ሲኖትራክ ነው፣ ልጅ የሚሰርቅ ነው። የድሮ ሰፈራችን እሪ በከንቱ ሳለን ሌላ ነበር። በሬን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ልጆቹ ሲራኮቱ ይውላሉ። አንዱ ቢወድቅ አራት እናት ነው የሚነሳው። ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሲርባቸው ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሆነ። ዕጣ ነውና እኔን ከሰማይ በታች ሰቀለኝ።

አያልሰው፦ ያኔ ማንም የስፖርት አስተማሪ አያስፈልገውም ነበር። አሁን ግን ልጆቹ ደማቸው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ያቺ የኔ ክፍለ ጊዜ ብቻ ናት። እሷንም እርስዎ ሲያስቀሩበት...

እማማ፦ ቆይ ቆይ፣ አንተስ ምን ታስተምርና ነው? እሱ ሲያጠና እሰማለሁ እኮ። “የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ ይኼን ያህል፣ ስፋቱ ይኼን ያህል።” ኳሷን ነክቷት ያውቃል? ዋና በወንበር ላይ ተምሮ ወንዝ የገባ ሰው አይተሃል?

አያልሰው፦ ሜዳ ነበረን። የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ዳይሬክተሩ ደግሞ “ተማሪው ለሚኒስትሪ ፈተና ይዘጋጅ፣ አንዷን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ልቀቅ” እያለኝ ነው። “ወላጅ እንኳ ልጁን በስፖርት ቀን ማስቀረት ጀምሯል፣ ማን ፈለገህ?” አለኝ። ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በጥቁር ሰሌዳ ሜዳ የምስል ሰው ነኝ። እኔም እንደ እርስዎ ነኝ እማማ፤ የኔ ፍርግርግ አይታይም እንጂ።

እማማ፦ አይዞህ። ሌላ ጉርሻ ልስጥህ?

አያልሰው፦ ኧረ በማርያም!

እማማ፦ እሺ፣ እሺ፣ ተውኩ።

አያልሰው፦ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። መኪኖቹ መሐል ክፍተት አለች። እዚያ ላይ በኖራ ሰኞ ማክሰኞ ሣልኩላቸው። ገመድም አመጣሁ። አባሮሽ ደግሞ በኮሪደሩ።

እማማ፦ ሰኞ ማክሰኞ? የሴት ጨዋታ!

አያልሰው፦ ልብ የሴትና የወንድ አለው እንዴ?

እማማ፦ ሃሃሃ! እሱስ የለውም። እኔ እኮ በሰኞ ማክሰኞ የሚችለኝ አልነበረም። በከሰል ነበር የምንሥለው። ቅዳሜ ላይ ስደርስ በአንድ እግሬ እንዲህ ስዞር... ኤድያ! አሁን ከበርጩማ ወደ አልጋ ነው ዙረቴ። ይልቅ እውነቱን ንገረኝ፤ ልጁ ትንሽ ቢወፍር ምን ይሆናል? ያልጠገበ ቤት ልጅ ነው የሚከሳ። ሰው ሲያየኝ “ልጁን አሳመርሽው” ነበር የሚለኝ።

አያልሰው፦ ሰናይት አልነገረችዎትም?

እማማ፦ ምኑን?

አያልሰው፦ እንግዲያው እኔ ባልናገር ይሻላል።

እማማ፦ ቁልፍ ባይኖረኝም ምላስህን በፍርግርጉ እስበዋለሁ። ተናገር!

አያልሰው፦ ከጤና ጣቢያ የመጡት ያን ዕለት ደሙንም መርምረውት ነበር፤ ስኳሩ ከፍ ማለት ጀምሯል፤ ለሰናይትም ተነግሯታል። ገና በሽታ አልሆነም። “ከሚበላው ነገር ጣፋጩ ይቀነስ፣ በየቀኑ ይንቀሳቀስ፣ ይመለሳል” ነው ያሉት። ካልሆነ ግን...

እማማ፦ ስኳር?

አያልሰው፦ አዎ።

እማማ፦ የኔ ስኳር? ይኼ እግሬን ቅጠል ያደረገው? ፍሙንም በረዶውንም እንዳይለይ ያደረገው? እሱ የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ! በዚህ ዕድሜው ማን ሰጠው? አንተ... እኔ ነኝ?

አያልሰው፦ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ወንበሩም ነው፣ ሰርቪሱም ነው፣ ቴሌቪዥኑም፣ የጠፋው ሜዳም።

እማማ፦ አትሸንግለኝ! ወንበር ለስላሳ አያጠጣም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ... እኔው ነኝ ሣሩን እየያዝኩ ወደ ገደሉ የጠራሁት።

አያልሰው፦ አያልቅሱ እማማ።

እማማ፦ ምን ልስጠው ታዲያ? አንተ መምህር ነህና ንገረኝ። ተረት ልንገረው ስል ያ ቴሌቪዥን ይበልጠኛል። ትምህርቱን ላስጠናው ፊደል ቆጥሬ “ሀሁ” ላይ ነው ያቆምኩት። ከመስኮት ሆኜ የማየው የሰው አናት ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቀውም። ዕድሬ ተበተነ። ለፋሲካ እንኳ ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም። ይኼ እጄ የሚያውቀው ማጉረስ ነው። እሱ አፉን ሲከፍት ሰው የፈለገኝ ይመስለኛል። እሱ ከወረደ... ከወረደ ጓደኛ ያገኛል። ጓደኛ ካገኘ ወደ እኔ ማን ይመጣል?

አያልሰው፦ ለዚህ ነው የስፖርት ቀን ማስቀረት የጀመሩት? ከመመዘኑም በፊት?

እማማ፦ መጀመሪያ ማክሰኞን ብቻ ነበር። “እማማ ሆዴን” ሲለኝ “እሺ ዋል” አልኩት። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ። አብሮኝ ሲውል ግን ቀኑ አለቀልኝ። ሐሙስም ሆነ። አሁን ሁሉም ቀን ሆነ። ጥጃዋን ከሳር ከልክላ እዚያው የምታጠባ ላም አይተሃል? እኔ ነኝ።

አያልሰው፦ እማማ፣ ሆዴን ሲልዎት ሆዱን አልነበረም። መጨረሻ መሆን ነው የሚፈራው።

እማማ፦ የምን መጨረሻ?

አያልሰው፦ በአባሮሽ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው። በሩጫ መጨረሻ የሚገባው እሱ ነው። እሱን ጠብቀን እንጨርሳለን፤ ሁሉም ዞሮ ያየዋል። አንድ ቀን ከደረጃ ሥር ተደብቆ አገኘሁት። “ለምን አትሮጥም?” አልኩት። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ?

እማማ፦ ምን አለህ?

አያልሰው፦ “እማማ እዚህ ብትኖር መጨረሻ አልሆንም ነበር” አለኝ።

እማማ፦ እኔ?

አያልሰው፦ “እማማ ከኔ ቀስ ትላለች፤ እሷን እቀድማታለሁ” አለኝ። “ከዚያስ?” ብለው፣ “ከዚያ ቆሜ እጠብቃታለሁ” አለኝ።

እማማ፦ ቆሜ እጠብቃታለሁ...

አያልሰው፦ ቃል በቃል።

እማማ፦ ይኼ ውርጋጥ! እኔን ሊቀድም! አያቱን!

አያልሰው፦ ለዚህ ነው የመጣሁት። ሜዳ የለኝም፤ እናንተ ግን ይኼን ሁሉ ደረጃ አላችሁ። ትምህርት ቤት እስኪመለስ ድረስ በየቀኑ ከሰዓት አንድ ፎቅ አብራችሁ ብትወርዱ፣ ብትወጡ። እኔም በሳምንት ሁለቴ እየመጣሁ ክንድዎን እይዛለሁ። ከዚያ እግሩ ሲፈታ፣ ሲደፍር፣ እሱ ራሱ ወደ ልጆቹ ይመጣል። ቀስ በቀስ ነው።

እማማ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው?

አያልሰው፦ ቅርፊቱን ሰብሮ ከወጣ ነዋ። የሚያሳዝነው ግን እማማ፣ ቁልፍ የለዎትም። ማታ ሰናይት ስትመጣ ይንገሯት። እኔ ልሂድ፣ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል። ስለ ፍርፍሩ እግዜር ይስጥልኝ።

እማማ፦ ቁም! ወዴት ነው?

አያልሰው፦ አቤት።

እማማ፦ አውቀሃል አይደል? ይኼ ነገር መቁጠሪያ እንዳልሆነ።

አያልሰው፦ ገና ሲነሱ።

እማማ፦ ታዲያ ምነው ዝም አልክ? አላጋለጥኸኝም?

አያልሰው፦ እንዲያፍሩብኝ አልፈለግኩም።

እማማ፦ በልጁስ ያን ዕለት እንዲህ ብታደርግ ኖሮ!

አያልሰው፦ ከዚያ ወዲህ ነው የተማርኩት።

እማማ፦ እኔም ከአሁን ወዲህ ነኝ። ሰናይት ቆልፋብኝ አታውቅም፤ እሷ እንዲያውም “ልጁን አውርጂው” እያለች ትነዘንዘኛለች። ዞር በል ከበሩ፣ ወደ ውጭ ነው የሚከፈት። ጠብቅ፣ የቁልፉ ገመድ ከነጠላዬ ተጠላልፎ... ይኸው። ያቺን የጎማ ጫማዬን በዚያ በኩል አቀብለኝ፣ ክንድህንም አዘጋጅ። እዮሴ! አንተ እዮሴ! ያን ቴሌቪዥን አጥፋና ጫማህን አድርገህ ና! ዛሬ መጨረሻ የምትወጣው አያትህ ናት!